የዕድሜ ገደቡ በር ላይ ይከበር፦ ከአንገቱ ወላጆችና መምህራን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ በአንገቱ ከተማና በዙሪያዋ ቀበሌዎች የምንገኝ ወላጆችና መምህራን፣ ልጆቻችን በቪዲዮ ቤቶች ስለሚያዩዋቸው ፊልሞችና ስለ ዕድሜ ገደብ አከባበር በኅብረታችን ጉባኤ ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። መግለጫው የተጻፈው ለወረዳው አስተዳደር፣ ለንግድ ጽሕፈት ቤትና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስ፣ ለቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣ እንዲሁም ለራሳችን ነው። የጎባና የሮቤ ወላጆችም ከዚሁ ጉዳይ ጋር ስለሚኖሩ ለዞኑ አስተዳደር ግልባጭ እናደርጋለን። በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀው ቅጂ በየትምህርት ቤቱ ይነበባል።

በቅድሚያ የማንጠይቀውን እንናገር። ቪዲዮ ቤት ይዘጋ አንልም። ከመታየቱ በፊት ባለሥልጣን ፊልሙን ተቀምጦ እያየ «ይህን ቁረጥ፣ ያንን አስቀር» ይበልም አንልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል፤ ይህ ክልከላ እንዲላላ አንሻም። ያው አንቀጽ ግን በንዑስ አንቀጽ 6 የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይገልጻል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ያዛል። የዕድሜ ገደብ እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች ሳያጋጭ የሚያስኬድ ብቸኛ መንገድ ሆኖ አግኝተነዋል። ፊልሙ አንድም ትዕይንት ሳይጎድልበት ለአዋቂው ይታያል፤ ልጁ እስኪያድግ ይቆያል።

የዕድሜ ገደብንና እገዳን መለየት ያቃታቸው አሉ። ጎረቤታችን ኬንያ ፊልም የሚመድብ ቦርድ አላት፤ ይህ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪት» የተባለውን የሆሊውድ ፊልም ከነጭራሹ አገደው። ፊልሙ ለልጅ እንደማይሆን የሚከራከር ሰው የለም። የ40 ዓመት ሰው እንዳያየው መከልከል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው አካሄድ የዕድሜ ገደብን ራሱን ያስጠላል፤ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ገደብ በተባለ ቁጥር እገዳ መጣ ብሎ ይደበቃል። በአገራችንም ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ የአዲስ አበባውን አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሸሸው ይነገራል። እኛ ከዚያ ወገን አይደለንም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የህንድ ፊልም አይተን ያለቀስን ነን።

በትልልቅ ከተሞች ዘመናዊ ሲኒማ ቤቶች የውጭ ፊልም ከነምደባው ይመጣል። ፖስተሩ ጥግ ላይ «ፒጂ-13» ወይም «አር» የሚል ምልክት ይታያል። የመጀመሪያው ከ13 ዓመት በታች ልጅ ያለው ወላጅ ጠንቀቅ እንዲል ያሳስባል፤ ሁለተኛው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለወላጅ ወይም ያለአሳዳጊ እንዳይገባ ይላል። ሥርዓቱን የአሜሪካ ፊልም አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1968 በገዛ ፈቃዳቸው ያቋቋሙት ሲሆን «ፒጂ-13» በ1984 ተጨመረ። እዚያም ቢሆን የኢንዱስትሪው ስምምነት እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም። በአዲስ አበባ የአማርኛ ፊልሞች ለሕዝብ ከመታየታቸው በፊት በከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል ፈቃድ ሲያገኙ ቆይተዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ፖሊሲው ግን አንገቱ ድረስ መጥቶ ቪዲዮ ቤት በር ላይ አይቆምም።

ወደ እኛ ፊልም የሚመጣው በፍላሽ ነው። አንዱ ከሮቤ፣ ሌላው ከሻሸመኔ ሲመለስ በኪሱ ይዞት ይገባል። ፖስተር የለውም፤ ምደባው መንገድ ላይ ቀርቷል። በሩ አጠገብ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ የፊልሙ ስም ሳይሆን «አክሽን»፣ «ሆረር»፣ «ህንድ»፣ «ትርጉም» የሚል ነው። በሩ ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ውጭ ደግሞ ድምፅ ማጉያ፤ ተኩሱና ጩኸቱ መንገደኛውን ይጠራል። መክፈያ ያጡ ሕፃናት ከመጋረጃው ሥር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የከፈሉት ውስጥ ናቸው። አጫጭሮቹ እንዳይከለሉ ከፊት አግዳሚ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ለስክሪኑ ከሁሉ የሚቀርበው በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው ነው።

ገንዘብ የሚሰበስበውስ ማነው? ብዙ ጊዜ ራሱ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ነው። ባለቤቱ ሌላ ሥራ አለው፤ ሱቅ ይውላል፣ ቡና ይነግዳል። ልጁ በሩ ላይ ይቆማል። ይህ ልጅ ታላላቆቹን «ዕድሜህ አልደረሰም፣ ተመለስ» ይበል? እኩዮቹንስ እንዴት አድርጎ ይከልክል? እሱ ራሱ ለፊልሙ አልደረሰም፤ ሆኖም ሁሉንም ሲያይ ያመሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም። እንግዲህ ስለ ፊልም ዕድሜ ገደብ አዲስ ደንብ ከመጻፋችን በፊት በእጃችን ያለው ሕግ ቢከበር የብዙ ቪዲዮ ቤቶች በር ዛሬውኑ በአዋቂ ሰው ይጠበቅ ነበር።

ባለቤቶቹ የሚያነሡትን ክርክር ሰምተናል፤ ዋነኛው «ዕድሜውን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ውሃ ያነሣል። የቀበሌ መታወቂያ ለልጅ አይሰጥም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። የዚያን ጊዜዎቹ ሕፃናት ናቸው ዛሬ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የሚጋፉት። በወረቀት ዕድሜ ማረጋገጥ ለሌላ አገር የሚሠራ ነው፤ ለእኛ የሚሠራው ሌላ መላ ነው። የአንድ ትንሽ ከተማ ነዋሪ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሚማር ያውቃል። በለንደን የማይታሰበው በአንገቱ ይቻላል፤ በር ጠባቂው አዋቂና የከተማው ሰው እስከሆነ ድረስ።

ሁለተኛው ክርክር «ወላጅ ይቆጣጠር» የሚለው ነው። ይህን ስንሰማ በቅድሚያ ትዝ ያሉን ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎቻችን ናቸው። ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ፣ ስንቃቸውን በጆንያ ይዘው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩ፣ እናት አባታቸውን በገበያ ቀን ብቻ የሚያገኙ ልጆች። የ14 ዓመት ልጅ ምሽት 2 ሰዓት ላይ «የት ነበርክ?» የሚለው ሰው የለም። ክፍሏ ብርድና ጨለማ ናት፤ ቪዲዮ ቤቱ ሞቅ ያለ፣ ብርሃን ያለበት፣ ሰው የሚስቅበት ነው። ማን ይፈርድበታል? በቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ እጁ ላይ የራሱ ገንዘብ አለ። «ወላጅ ይምከር» የሚለው የአሜሪካኖቹ ምልክት አጠገቡ ወላጅ ያለውን ልጅ አስቦ የተሠራ ነው። የእኛ ገደብ ወላጅ በሌለበትም የሚሠራ መሆን አለበት።

ስለ ይዘቱ ስንወያይ ጉባኤውን ያከራከረው ሌላ ጉዳይ ነበር። አብዛኞቻችን «ለልጅ የማይሆን ፊልም» ሲባል የሚታየን ራቁት ገላና መሳሳም ብቻ ነው። ቤታችን ተቀምጠን ወንድና ሴት ሲቀራረቡ «ልጆች፣ ውጡ!» እንላለን፣ ወይም ሪሞቱን እናነሣለን። ሰው በመጥረቢያ ሲቆራረጥ ግን ከልጆቻችን ጋር ቡናችንን እየጠጣን እናያለን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ለመጠበቅ ያስቀመጠው ድንጋጌ የወሲብ ስሜትን የሚያዛባውን ሲከለክል የጭካኔ ዝንባሌን የሚቀሰቅሰውንም አብሮ ጠቅሷል። አንድ ፊልም ያየ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል አንልም፤ እንዲህ ያለውን የተጋነነ ንግግር ለሌሎች ትተናል። መምህራን አባሎቻችን የሚነግሩን የሚጨበጥ ነገር ነው፦ ማታ አምሽቶ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ የሚተኛ ተማሪ፣ ሆረር አይቶ ብቻውን ወደ ሽንት ቤት መሄድ የፈራ የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት ጓደኛውን አንበርክኮ ጣቱን እንደ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ የሚደግን ሕፃን። ጨዋታ ነው እንዳንል፣ የተንበረከከው ልጅ ሁልጊዜ ያው አንዱ ደካማ ልጅ ነው።

በተቃራኒው ርዕሱ ከበድ ስላለ ብቻ ፊልም ከልጅ መደበቅ የለበትም። «ድፍረት» የተባለውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን ፊልም እንውሰድ። የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ስትጠለፍና ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ስትቀርብ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ መቆሙ ይታወሳል፤ ያ እግድ ከዕድሜ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ጠለፋን የሚያህል ነገር የያዘ ፊልም ለሕፃናት አይሆንም። ለ14 ዓመቷ ተማሪ ግን ከማንም በላይ የሚመለከታት ታሪክ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ የተሠራው የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ም እንዲሁ። ስለሆነም መዳኛው ሚዛን ርዕሱ ምንድን ነው ከሚለው ይልቅ እንዴት ታየ የሚለው እንዲሆን፣ በሕፃንና በአዋቂ መካከልም ለጉርምስና የሚሆን ደረጃ እንዲኖር እንፈልጋለን።

ከዚህ በመነሣት አቋማችን የሚከተለው ነው።

በወረዳችን የሚታይ ማንኛውም ፊልም ከሦስት በአንዱ ይመደብ፦ ለሁሉም፣ ከ13 ዓመት በላይ፣ ከ18 ዓመት በላይ። የውጭ አገሮችን አምስትና ስድስት ደረጃ ብንቀዳ ባለቤቱም በር ጠባቂውም ይምታታበታል። ምድቡን የሚሰጠው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ፊልሙን አይቶ፣ ከፊልሙ ስም ጎን በሰሌዳው ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጽፋል። አይቶ ያልመደበውን ፊልም ከ18 በላይ እንደሆነ ይቆጥራል። ከፊልሙ በፊት የሚያሳያቸው ቅንጭብ ማስታወቂያዎችም ምድቡን ይከተላሉ፤ ለሁሉም የሆነ ፊልም ሊያዩ የገቡ ሕፃናት በመሐል የሌላውን ፊልም ደም እንዲያዩ አንፈቅድም።

ዋናው አቋማችን ግን ስለ ሰዓት ነው። በር ላይ እያንዳንዱን ልጅ መመርመር አድካሚ ስለሆነ ሥራውን ሰዓት ያግዝ። እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ለሁሉም የሚሆን ፊልም ብቻ ይታይ፤ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከ13 ዓመት በላይ ያሉት የሚያዩት ይፈቀድ፤ ለአዋቂ የተመደበው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው በቤቱ አይገኝ። የሰዓት አጥር እኛ የፈጠርነው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ለሕፃናት የማይሆን ፕሮግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲተላለፍ ደንግጎ ነበር። ለቤት ውስጥ ቴሌቪዥን የታሰበለት ጥበቃ ገንዘብ ተከፍሎበት ለሚገባበት አዳራሽ ሊነፈገው አይገባም። መብራት ሲጠፋስ ብለው ባለቤቶቹ ጠይቀውናል፤ ፊልሙ 10 ሰዓት ላይ ተቋርጦ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ሲመጣ ልጆቹ ገንዘባችንን ይላሉ። መልሳችን ቀላል ነው፦ ልጁ በያዘው ቲኬት በማግስቱ ገብቶ ይጨርስ። በትምህርት ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰም ሆነ ደንብ ልብሱን አውልቆ በቦርሳው የያዘ ተማሪ እንዳይገባ እንጠይቃለን። ቦርሳ ውስጥ ያለው ሹራብ ከማንም የተሰወረ አይደለም።

በሩ ላይ የሚቆመው ሰው 18 ዓመት የሞላው ይሁን። ከተጠራጠረ የትምህርት ቤት መታወቂያ ይጠይቅ፤ መታወቂያ የሌለውና የሚያጠራጥረው አይግባ። እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ለሁሉም ወደተፈቀደው ብቻ ይግባ። በገጠር ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ፣ በ15 ዓመታቸው 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በዚህ ይጎዳሉ፤ እናውቃለን። አንድ ጎረምሳ አንድ ፊልም ቢያመልጠው የሚደርስበት ጉዳት አንድ የ8 ዓመት ልጅ ሊያይ የማይገባውን ቢያይ ከሚደርስበት ያነሰ ነው ብለን መርጠናል። ከ13 በላይ ለሆነው ምድብ ወላጅ ታናሹን ይዞ ሊገባ ይችላል። ከ18 በላይ ለሆነው አባትም እናትም ቢይዙት አይገባም።

ቅጣቱ በባለቤቱ ላይ እንጂ በልጁ ላይ አይሁን። ቪዲዮ ቤት ከቦ ልጆችን ማፈስ፣ በአደባባይ ማንበርከክ፣ ጸጉር መላጨት ገደብ ማስከበር አይደለም፤ ሌላ በደል ነው። ልጁ ወደ ቤቱ ይመለስ። ባለቤቱ በመጀመሪያው ጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው ለአንድ ሳምንት መታሸግ፣ በሦስተኛው የፈቃድ መሰረዝ ይድረስበት። የወሲብ ፊልም ለልጅ ያሳየ ግን ማስጠንቀቂያ አያሻውም፤ ጉዳዩ የወንጀል ነው፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂድ።

ይህን የሚያስፈጽም አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት ይሰየም። ፈቃዱን የሚሰጠው ንግድ፣ ይዘቱ የሚመለከተው ባህልና ቱሪዝም፣ ልጁ የሚመለከተው ሴቶችና ሕፃናት፣ ጠብ ሲነሣ የሚጠራው ፖሊስ ሆኖ እስከዛሬ ዘልቋል፤ ወላጅ አቤት ሲል ከአንዱ ወደ ሌላው ይላካል። የእኛ ሐሳብ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ዋና ተጠያቂ እንዲሆን ነው፤ ባለቤቱ የሚፈራው ፈቃዱን ነውና።

ጉዳዩ ከፌዴራል እስኪመጣ እንጠብቅ የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ፊልም የሚመድብ ቦርድ አለ፤ ሆኖም ሲኒማ ቤት ማን ይግባ የሚለው የመጨረሻ ሥልጣን የአካባቢው ምክር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 «ስፓይደርማን» ከ12 ዓመት በታች ላሉት ተከልክሎ ሲወጣ አንዳንድ ምክር ቤቶች «በእኛ ከተማ ወላጅ ይዞ ከመጣ ይግቡ» ብለው ወሰኑ፤ በዚያው ዓመት ቦርዱ ራሱ ደንቡን አሻሽሎ ወላጅ የያዘ ልጅ እንዲገባ የሚፈቅድ ምድብ አወጣ። የአንድ አካባቢ ውሳኔ አገር ቀየረ ማለት ነው። ወረዳችንም በፈቃድ አሰጣጡ ላይ ይህን ግዴታ ለማስገባት የማንንም በር መጠበቅ አያስፈልገውም።

ደንብ መውጣቱ ብቻ እንደማይበቃ ደግሞ ከአሜሪካ እንማራለን። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን ብቻቸውን ወደ ሲኒማ ቤቶች እየላከ «አር» ለተባለ ፊልም ቲኬት ይሸጥላቸው እንደሆነ ይፈትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከልጆቹ 46 በመቶው ገቡ። በ2003 ወደ 36 ወረደ፣ በ2006 መልሶ ወደ 39 ከፍ አለ፣ በ2013 ግን 24 በመቶ ደረሰ። በእነዚያ ዓመታት ምልክቶቹ አልተለወጡም፤ ፈተናው እየተደጋገመ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ ነበር። ስለዚህ በየመንፈቀ ዓመቱ፣ በወላጅ ፈቃድና አዋቂ በቅርብ እየተከታተለ፣ ተመሳሳይ ፈተና በከተማችን እንዲደረግ እንጠይቃለን። ውጤቱ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገደቡን ያከበረውም በስሙ ይመስገን። አክባሪው ነጋዴ ገበያውን ለማያከብረው እየለቀቀ ተጎጂ የሚሆንበት አሠራር ይብቃ።

ፊልም በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ የሚጭኑ ቤቶችም ከዚህ ደንብ ውጭ አይሁኑ። ሻይ ቤቶች ቀን ሙሉ የሚለቋቸውን የፊልም ቻናሎች በተመለከተ ግን ለጊዜው በምክር ብቻ እንያዘው ብለናል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የያዘ ደንብ አንዱንም አያስፈጽምም።

«ስልክ እያለ ቪዲዮ ቤት ምን ያደርጋል?» የሚለውን ክርክር አንቀበልም። እርግጥ ነው፣ ስልክ የያዘ ልጅ የፈለገውን ያያል። ይህ የወላጅ ጣጣ ነው፤ እኛም እንሸከመዋለን። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ግን ከልጁ ገንዘብ የተቀበለ ነጋዴ ነው። አረቄ በየቤቱ ይገኛል ተብሎ መጠጥ ቤት ለልጅ እንዲቀዳ አልተፈቀደም።

የባለቤቶቹን ገቢ በተመለከተ ጭንቀታቸውን እንጋራለን። ቀን ቀን የሚገባው ደንበኛ በአብዛኛው ልጅ ነው፤ ልጅን ብቻ ከልክሎ ዝም ማለት እንጀራቸውን መንጠቅ ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች ብቻ የተለየ ሰዓት እንዲኖር፣ ትምህርት ቤቶቻችንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው እንዲመጡና እንዲከፍሉ ተስማምተናል። የሚታየውስ? በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለልጅ የሚሆን ፊልም ጥቂት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም አጨበጨበ፤ ስለ ሳነቴ አምባና ስለ ቀይ ቀበሮ የተሠሩ ጥሩ ጥሩ ዘጋቢ ፊልሞች በውጭ አገር ቴሌቪዥን ታይተዋል። የአንገቱ ልጅ የኒውዮርክን ጎዳና በፊልም ያውቃል፤ ከሐረና ጫካ ወጣ ብሎ ያለውን ቀይ ቀበሮ ግን ብዙው አላየም። የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና በሮቤ የሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ፊልሞች በአፋን ኦሮሞ ትርጉም እንዲያቀርቡልን በደብዳቤ እንጠይቃለን።

ከራሳችንም የሚጠበቅ አለ። ልጁን ለማስቀመጥ ሲል የቪዲዮ ቤት ገንዘብ ሰጥቶ ገበያ የሚሄድ ወላጅ በመካከላችን ብዙ ነው። ከእንግዲህ ሰሌዳውን አንብበን እንልካለን፤ ማንበብ የማንችል በር ጠባቂውን እንጠይቃለን። ተከራይተው ለሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ አከራዮች ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንደ ወላጅ ሆነው እንዲጠይቁ፣ ትምህርት ቤቶችም አንድ ክፍል በመብራት ለማታ ጥናት ክፍት እንዲያደርጉ ወስነናል። ሞቅ ያለና ብርሃን ያለበት ሌላ ቦታ ሳንሰጥ «አትግባ» ማለት ብቻ ፍሬ አይኖረውም።

የንግድ ፈቃድ እድሳት ሐምሌ 1 ቀን ይጀመራል፣ ታኅሣሥ 30 ይጠናቀቃል። የወረዳው ምክር ቤት ጉዳዩን እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት በአጀንዳ ይዞ እንዲወስን፣ ንግድ ጽሕፈት ቤቱም ፈቃዱን የሚያሳድስ እያንዳንዱ ቪዲዮ ቤት የሰዓቱን፣ የሰሌዳውንና የበር ጠባቂውን ግዴታ ፈርሞ እንዲወስድ እንጠይቃለን። ባለቤቶች ደግሞ ያንን ቀን ሳይጠብቁ፣ ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ያለውን ልጅ በአዋቂ እንዲተኩ እናሳስባለን።